የጆሮ ዕረፍት በስንት ብር ይገዛል?

በፑኝዶ የምንኖር እናቶች ተሰባስበን ስንጨዋወት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ገበያው ዋጋና ስለ መንገዱ ብዙ እናወራለን። ስለ ጩኸት ግን እምብዛም አንነጋገርም። ጩኸት እንደ ትንኝ አይነክስም፣ እንደ ችጋርም ቀን ተሌት አያስለቅስም። በመሆኑም ከቤታችን ዕቃ እንደ አንዱ ቆጥረነው አብረነው እንኖራለን። ይሁን እንጂ ጩኸት ሠርቶ የሚያድር ሰው ጆሮና የሚያጠና ልጅ ሐሳብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በጎግ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ከሱዳን፣ በኋላም ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞችን ስታስተናግድ የኖረች በመሆኗ ከስፋቷ በላይ የሰው እንቅስቃሴ ይታይባታል። የመሥሪያ ቤቱ ጄነሬተር፣ የወፍጮው ሞተር፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ፣ የሱቁ ድምፅ ማጉያ፣ በክረምት ደግሞ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠው ዝናብ ተደማምረው ከንጋት እስከ ምሽት ጆሮን ፋታ አይሰጡትም።

ይህን ጉዳይ በጥሞና እንዳስብበት ያደረገችኝ በውጭ አገር ሠርታ የምታድረው ታናሽ እኅቴ ናት። በስልክ ስንነጋገር ከቢሮዬ መስኮት ሥር ያለው ጄነሬተር ቃሌን እየዋጠ አስቸገራትና፣ «እትዬ፣ ለአንቺና ለልጅሽ ጩኸት የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ ልልክላችሁ ነው። ከሁለት ዓይነት አንዱን ምረጪ» አለችኝ። አንደኛው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ያወጣው «ደብሊው ኤፍ 1000 ኤክስ ኤም 5» ሲሆን፣ ሁለተኛው የአሜሪካው አፕል በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው «ኤርፖድስ ፕሮ 2» ነው። እንዳጋጣሚ ሁለቱም በአካባቢያችን በሰው እጅ ነበሩ። ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የጎማ ጫፍ በሣጥናቸው ውስጥ ባለው ያልተነካ መለዋወጫ ለውጬ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል እያፈራረቅሁ ሞከርኋቸው። ያገኘሁትን ውጤት ለእኅቶቼ ማካፈል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ጩኸትን የሚያጠፋው እንዴት ነው? ድምፅ በአየር ላይ የሚጓዝ ሞገድ ነው። ማዳመጫው ላይ ያሉት ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የውጭውን ጩኸት ያደምጣሉ። በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክ ክፍል ወዲያውኑ የዚያን ጩኸት ተቃራኒ ሞገድ ይሠራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ ሁለቱ ይጣፋሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፖል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዶክተር አማር ቦዝ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበሩ የአውሮፕላኑ ሞተር ጩኸት ሙዚቃ አላስሰማ ቢላቸው፣ በራሪው ላይ ሳሉ ስሌቱን መሥራት ጀመሩ። ኩባንያቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆን ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ዕቃ የነበረው ዛሬ ከ6 ግራም በታች ሆኖ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው የመሣሪያውን ችሎታና ወሰን ለመለየት ነው። ተቃራኒ ሞገድ መሥራት የሚቀለው ጩኸቱ ወፍራምና ሳያቋርጥ የሚያጓራ ሲሆን ነው። የጄነሬተር፣ የመኪናና የአውሮፕላን ሞተር ድምፅ ከዚህ ዓይነት ይመደባል። ድንገት ለሚመጣ ወይም ቀጭን ለሆነ ድምፅ ግን መሣሪያው ብዙም አይደርስበትም። እሱን የሚያግደው ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋው የጎማው ጫፍ ነው። ስለዚህ በጆሮ ልክ ያልሆነ ጫፍ ያለው ማዳመጫ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ክዳኑ እንዳልገጠመ ድስት ይቆጠራል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ። በቢሮዬ የጄነሬተር ጩኸት ላይ ሁለቱም የሚያስመሰግን ሥራ ሠሩ። ጉርምርምታው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ከወንዝ ማዶ የሄደ መሰለኝ። በእኔ ጆሮ የሶኒው ትንሽ ብልጫ ነበረው፤ ምክንያቱም ጫፉ ተጨምቆ ገብቶ በጆሮ ውስጥ ከሚያብጥ ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ነው። የአፕሉ ከለስላሳ ጎማ የተሠራ ስለሆነ በላብ ጊዜ በቀላሉ ይታጠባል፣ ጆሮንም ብዙ አይጨንቅም። በመጋቢት ሙቀት ለሚሠራ ሰው ይህም እንደ ትልቅ ነገር ሊታይ ይገባል። ሁለቱም አራት አራት የተለያየ ልክ ያለው ጫፍ ይዘው ይመጣሉ።

በባትሪ በኩል የሶኒው ጩኸት እያጠፋ እስከ 8 ሰዓት ሲሠራ፣ የአፕሉ እስከ 6 ሰዓት እንደሚሠራ ኩባንያዎቹ ይገልጻሉ። በሌላ በኩል የማስቀመጫ ሣጥኑ የሚይዘው ኃይል ሲታከል የሶኒው ጠቅላላ 24 ሰዓት፣ የአፕሉ 30 ሰዓት ይሆናል። መብራት በፈለግነው ሰዓት በማናገኝበትና ስልካችንን በሶላር በምንሞላበት አካባቢ ሁለቱንም ቁጥሮች ማመዛዘን ያሻል። አንድ የሥራ ቀን ሳያወልቅ ለሚውል ሰው የሶኒው ይመቻል። ለቀናት መብራት ለማያገኝ ሰው ደግሞ የአፕሉ ሣጥን ይሻላል። ሁለቱንም ከሶላሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መሙላት ግን ባትሪውን ይገድለዋል፤ ሙቀት የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ጠላት ነውና።

አቧራን በተመለከተ አፕል ሣጥኑ በመደበኛው የዩ.ኤስ.ቢ. ሲ ገመድ የሚሞላውንና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ያወጣውን ዓይነት ከነሣጥኑ አቧራና የውኃ ፍንጣቂ እንዲቋቋም አድርጎ ሠርቶታል። የሶኒው ማዳመጫ የውኃ ፍንጣቂ ቢችልም ሣጥኑ ግን አይችልም። የበጋውን የአቦቦ መንገድ አቧራ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ነጥብ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል።

ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት ግን የምንይዘው ስልክ ነው። የአፕሉ ማዳመጫ ሙሉ አገልግሎት የሚሰጠው ከአፕል ስልክ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። በሌላ ስልክ ድምፅ ያሰማል፣ ጩኸትም ያጠፋል፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ ማስተካከያዎቹንና የውስጥ ሶፍትዌሩን ማደሻ አይገኝም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአንዳንድ አገሮች የተጨመረለት የመስማት ችሎታ መመርመሪያና ለመለስተኛ የመስማት ችግር መርጃ የመሆን ጠቀሜታውም ያለ አፕል ስልክ አይሠራም። የሶኒው ግን አንድሮይድ በሆነውም በአፕሉም ስልክ እኩል ይታዘዛል። የእኔም የልጄም ስልክ እንደ አብዛኛው የሠፈራችን ሰው ስልክ አንድሮይድ ነው። እንግዲህ በፈረስ ኮርቻ በቅሎ ለመጫን ካልተፈለገ በቀር የምርጫው ሚዛን ወደ ሶኒው አደላ።

ዋጋቸውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ለገበያ ሲወጡ የሶኒው 300 ዶላር፣ የአፕሉ 250 ዶላር ያህል ነበር። የአፕሉ ሦስተኛ ትውልድ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ስለወጣ የሁለተኛው ዋጋ ረከስ ማለቱ አይቀርም። ሆኖም በወጡበት ዋጋ ሲታሰብ ርካሹ እንኳ በባንክ ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህን ገንዘብ በሱቅ ከሚሸጠው ጋር አስተያይታ «ያው ኤርፖድ ነው፣ በጥቂት መቶ ብር ይገኝ የለም ወይ?» የምትል እኅት ልትኖር ትችላለች። በገበያችን ነጭ የሆነ የጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ኤርፖድ መባሉ እውነት ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፉትን ሁለት ምሕጻረ ቃላት ግን ለይታ ትመልከት። «ኤ.ኤን.ሲ.» የሚለው ለአድማጩ ጩኸት ያጠፋል ማለት ሲሆን፣ «ኢ.ኤን.ሲ.» የሚለው ግን በስልክ ስንናገር ድምፃችን ለወዲያኛው ሰው ጠርቶ እንዲሰማ ያደርጋል ማለት ነው። ሁለተኛውን ገዝቶ ጸጥታ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

በቤት ውስጥ ያደረግሁት ሙከራ ከቢሮው ይልቅ አሳሰበኝ። የመጨረሻው ልጄ ገና አንድ ዓመት ተኩል ነው። ታላቅ እኅቱ አጠገቡ ሆና እንድትጠብቀው አድርጌ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ በየተራ አደረግኋቸው። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ምንም ሳላዳምጥ ከሆነ ልቅሶው ቀጥኖና ርቆ ይሰማኛል። ዜና እያዳመጥሁ ከሆነ ግን በሁለቱም በኩል አልተሰማኝም። ይህ ለአንዲት እናት ከባትሪውም ከዋጋውም የሚበልጥ ቁም ነገር ነው። በመሆኑም በቤታችን ሕግ አወጣን፤ ሕፃን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው፣ እሳት ላይ ድስት የጣደ ሰው፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ጆሮውን አይደፍንም። ሁለቱም ዓይነቶች በአንድ ጆሮ ብቻ ይሠራሉ፤ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባ ስልትም አላቸው። በተለይ ሲመሽ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ልጅ ከኋላዋ የሚመጣውን ሞተርም ሆነ ሰው የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ደግሞም ማዳመጫውና ጫፉ ለሕፃን ጉሮሮ የሚበቃ ትንሽ ነገር ስለሆነ ከአልጋና ከምንጣፍ ላይ መጣል የለበትም።

ከዚያ ቀጥሎ የሄድሁት በቆሎ ወደማስፈጭበት ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ የምትሠራውን እኅት ማዳመጫዎቹን እንድትሞክራቸው ጠየቅኋት። ጫፉን ለውጬ አደረግሁላት። ጥቂት አዳምጣ ፈገግ አለችና፣ «እኅቴ፣ ሞተሩስ ሸሸልኝ፤ ድንጋዩ ግን አልሸሸም» አለችኝ። ስለ ወፍራምና ስለ ቀጭን ድምፅ ከላይ ያተትሁትን ሁሉ እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ወዲያው ደግሞ አወለቀችና፣ «ይህ ለእኔ አይሆንም። ዘፈን ከከፈትሁበት ቺንጋው ሊበጠስ ሲል የሚያሰማውን እንዴት እሰማለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ማታ ማታ ጆሮዋ እንደሚጮኽ፣ ልጇም «እማዬ!» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራት እንደማትሰማው የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ሲነጋ ሻል ይላታል። ስለዚህም ድካም ነው ብላ ትተወዋለች።

ነገሩ ግን ድካም ብቻ አይደለም። ከጩኸት በኋላ ጆሮ መጮኹና መደንዘዙ የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን ሕዋሳት መጎዳታቸውን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በመጀመሪያ ከእንቅልፍ በኋላ ይመለሳሉ፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ይሞታሉ። የሞተውን ሕዋስ የሚተካ መድኃኒት የለም። የሙያው ባለሞያዎች ለሠራተኛ የሚፈቅዱት ጩኸት በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል የማይበልጥ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። መለኪያ የሌላት እኅት በቀላል ዘዴ ልታውቅ ትችላለች። የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ግድ ካላት፣ ጩኸቱ ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው።

የሚያዳምጡ ልጆቻችንም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ድምፅ አብዝተው በማዳመጥ የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ መጋለጡን ገልጿል። ድርጅቱ ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል ነው። ለሕፃናት ከ75 አይበልጥም። 90 ዴሲቤል ከሆነ የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጩኸት የሚያጠፋ ማዳመጫ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በተራ ማዳመጫ ጄነሬተሩን ለመብለጥ ድምፁን እስከ መጨረሻው የምትከፍተው ልጅ፣ በዚህኛው ግማሹ ይበቃታል። ማዳመጫን መዋዋስ ግን የጆሮ ቁስልና መግል ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሸጋግር ስለሚችል፣ ጫፉን ሳያጸዱ ወይም ሳይለውጡ መቀባበል አይገባም። ጆሮው የሚመግል ልጅም በጥጥና በእንጨት ከመጎርጎር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንግዲህ የወፍጮ ቤቷ እኅታችን ምን ታድርግ? መልሱ ከሁለቱ ውድ ዕቃዎች አንዱም አይደለም። ማዳመጫዎቹ ለመስማት የተሠሩ እንጂ ለአደገኛ ጩኸት መከላከያነት ተለክተው የተመሰከረላቸው የሥራ መሣሪያዎች አይደሉም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ጆሮን እንደ ጽዋ የሚሸፍነው የሠራተኛ ጆሮ መከላከያ ወይም እየተጨመቀ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ ነው። ይህ ባትሪ አይፈልግም፣ ዘፈን አይዘፍንም፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ጩኸት ዝቅ ያደርጋል። ድምፅን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ጨርሶ ስለማያጠፋና ጆሮን በዘፈን ስለማይዝ፣ የቺንጋው የተለየ ጩኸት ሲነሣ ማወቅ ይቻላል። ዋጋውም ከአንዱ ማዳመጫ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መጠቀም ግዴታው ነው። ስለዚህ ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አይደለም።

ጩኸትን ከምንጩ መቀነስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በመሥሪያ ቤታችን ያለን ሴቶች ተመካክረን ጄነሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ እንዲዛወር፣ ያረጀው ማርሚታም እንዲለወጥ በጽሑፍ ጠየቅን። ገላጣ ሥፍራ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ይህም ጆሮ ሳይጎዳ የሚቆይበትን ጊዜ 4 እጥፍ ያደርገዋል። ከጥቂት ክርክር በኋላ ጥያቄያችን ተቀባይነት አግኝቶ ማርሚታው ተለወጠ፣ ጄነሬተሩም ተዛወረ። ያ ሥራ ለአሥር ሰው ጆሮ ዕረፍት ሰጠ፤ 300 ዶላር ግን የሚያሳርፈው የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእኅቴ እንዲህ ስል መለስሁላት፦ «እኅት ዓለሜ፣ ለእኔ አትላኪልኝ፤ የእኔ ጩኸት መላ አግኝቷል። የሶኒውን አንዱን ለልጄ ላኪላት። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል፤ የክረምቱ ዝናብና የጎረቤቱ ድምፅ ማጉያ እየነሣት ያለውን ጸጥታ ሌላ ማን ይሰጣታል? በእኔ ድርሻ ካሰብሽው ገንዘብ ግን በጥቂቱ ጥሩ የሥራ ጆሮ መከላከያ ግዢና ላኪልኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሚጠበቅበትን እስኪፈጽም ድረስ የአንዲት እናት ጆሮ አይጠፋም።»

እኅቶቼ፣ ማዳመጫ ለመግዛት ስታስቡ በመጀመሪያ የቱ ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁ። የማን ጆሮ ነው? ከየትኛው ጩኸት? በየትኛው ስልክ? ብላችሁ ጠይቁ። የአፕል ስልክ ላላትና አቧራ ለሚበዛባት የአፕሉ፣ አንድሮይድ ለያዘችና ቀኑን ሙሉ ለምትሠራበት የሶኒው ይስማማታል። በሞተር አጠገብ ቆማ እንጀራዋን ለምትጋግር እኅት ግን ከሁለቱም ይልቅ ተራው የጆሮ መከላከያ ይበልጥባታል። ልጁ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» የምትለው እናት እንድትኖረው ነውና፣ ጆሮ ሳይደክም ይታሰብለት።